በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፦ ታይሮይድ ያለበት ሰው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሲጀምር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታናሽ ወንድሜ ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በጀመረ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ጋቢው በላብ ርሶ አገኘሁት። ሸሚዝ ልቀይርለት ብዬ ክንዱን ሳነሳ ክርኑ አልታጠፍ አለኝ። አውቆ የገተረው መስሎኝ ተቆጣሁት። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባችው። ጎረቤት ታይፎይድ ነው አለ። ሰፈራችን ያለ አንድ ክሊኒክ ደግሞ «ሕመሙ ተነስቶበት ነው» ብሎ ያንኑ መድኃኒት በመርፌ ጨመረለት። አንገቱን ያየ ሰው አልነበረም። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ እንቅርት አለበት፤ እኛም ስለለመድነው ለማንም አልተናገርንም።

ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ወዲህ ግን የሰማ ሰው ሁሉ ይደውልልኛል፣ የሚጠይቁኝም ያንኑ ነው። ስለዚህ አንድ ላይ ጻፍኩት። ሐኪም አይደለሁም፤ ያከሙትን ሐኪሞች እየጠየቅኩና እያነበብኩ ያወቅኩትን ነው የምነግራችሁ።

ይሄ አደገኛ የተባለው ነገር ምንድን ነው?

ስሙ ረጅም ነው፦ ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድረም። ሐኪሞቹ ኤን ኤም ኤስ ይሉታል። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት፣ በተለይ ድምፅ ለሚሰማቸውና ለሚጠራጠሩ ሰዎች የሚሰጠው ዓይነት፣ አንዳንድ ሰው ላይ የሚያመጣው ከባድ የሰውነት ምላሽ ነው። የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ ውስጥ ለሕሙማን መሰጠት ጀመረ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ደሌና ባልደረቦቹ ይህን ችግር በ1960 ሃሎፔሪዶልን ሲሞክሩ አይተው ጻፉት። አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። ስለማያጋጥም ብቻ ይረሳል።

ምልክቶቹ አራት ናቸው፣ ብዙ ጊዜም አብረው ይመጣሉ። ትኩሳት። የሰውነት መገተር። የአእምሮ መደንዘዝ ወይም መቃዠት። የልብ ምት መፍጠን፣ የደም ግፊት መውጣትና መውረድ፣ ከባድ ላብ።

አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በተጨመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል። ከሦስት ሰው ሁለቱ ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ የሚጀምርበትም አለ። ዓመታት የወሰደ ሰው ላይም ሊመጣ ይችላል፣ ያ ግን ብርቅ ነው።

ስንት ሰው ላይ ይደርሳል ለምትሉ፣ የቅርብ ጊዜ ግምቶች መድኃኒቱን ከሚወስዱ 10,000 ሰዎች አንድ ወይም ሁለት ይላሉ። የድሮዎቹ ግምቶች ከዚህ በጣም ይበልጡ ነበር። እባካችሁ ይህን ቁጥር ያዙት፤ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ መድኃኒት እንድትጥሉ አልፈልግም። የሚወስደው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ ሳይነካው ነው የሚኖረው።

ታይሮይድ እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ብዙ ሰው የሚገርመው ይሄ ነው፣ እኔም ገርሞኝ ነበር።

ታይሮይድ አንገት ላይ ያለች ትንሽ እጢ ናት። የምታመነጨው ሆርሞን ሰውነት በምን ፍጥነት ምግብ እንደሚያቃጥል፣ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያወጣ፣ ልብ እንዴት እንደሚመታ ይወስናል። ሆርሞኑ ሲበዛ ሰውየው ቁጭ ብሎም እንደሚሮጥ ሰው ነው። ይሞቀዋል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ይከሳል።

የአእምሮ መድኃኒቱ ደግሞ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን መልእክተኛ ያግዳል። ድምፁና ጥርጣሬው የሚቀንሰው በዚህ ነው። ግን ዶፓሚን ሌላም ሥራ አለው። የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ይፈልገዋል፣ ጡንቻን የሚያላላውም እንዲሁ። እገዳው ከልክ ሲያልፍ ጡንቻ ይገተራል። የተገተረ ጡንቻ ሙቀት ያመነጫል፣ አንጎል ደግሞ ያንን ሙቀት ማስወጣት አቅቶታል።

አሁን ሁለቱን አገናኙዋቸው። አስቀድሞ የጋለ፣ ልቡ የሚሮጥ፣ በላብ ውሃው ያለቀ ሰውነት ላይ ሙቀት መቆጣጠሪያውን የሚያግድ መድኃኒት ይጨመራል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ደረሰብን።

የሃሎፔሪዶል የማስጠንቀቂያ ወረቀት ራሱ የታይሮይድ ሆርሞኑ የበዛበት ሰው ይህን ዓይነት መድኃኒት ሲወስድ ከባድ የነርቭ ጉዳት ሊደርስበት እንደሚችል፣ እስከ መገተርና መራመድ ወይም መናገር እስካለመቻል እንደሚደርስ ይጽፋል። የሆርሞን ብዛት አንጎል ለዶፓሚን ያለውን ስሜት ይለውጣል የሚል ሐሳብም አለ፣ ገና ያልተቋጨ ጉዳይ ነው።

እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ታዲያ አደጋ ላይ ነው?

አይደለም። እንቅርት ማለት እጢዋ አብጣለች ማለት ብቻ ነው። ሆርሞኗ ልክ ሊሆን፣ ሊያንስ ወይም ሊበዛ ይችላል።

እኛ አገር እንቅርት የበዛው በአዮዲን እጥረት ነው፤ በተለይ ደጋው ላይ አፈሩን ዝናብ አጥቦታል። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከመነሳቱ በፊት አዮዲን የገባበት ጨው ከዚያ ይመጣ ነበር፤ ከ1990 ዓ.ም. በኋላ ያ ተቋረጠ፣ ገበያው አዮዲን ባልገባበት የአፍዴራ ጨው ተሸፈነ። ጨው ሁሉ አዮዲን ይግባበት የሚለው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዛሬ ጎልማሳ የሆኑ ብዙ ሰዎች ያደጉት አዮዲን በሌለው ጨው ነው። የቆየ፣ ጉብታ ጉብታ ያለው እንቅርት ደግሞ ከዓመታት በኋላ ራሱን ችሎ ሆርሞን ማብዛት ሊጀምር ይችላል። የወንድሜ እንደዚያ ነበር። «ድሮም ያለ ነው» ብለን ተውነው እንጂ እሱ ተለውጦ ነበር።

ቤት ውስጥ የሚሞከር አንድ ቀላል ነገር ላሳያችሁ። እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ጣቶቹን ይክፈት፣ እላዩ ላይ አንድ ወረቀት አስቀምጡ። ወረቀቱ እርግብ እርግብ ካለ እጁ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። በደንብ እየበላ መክሳት፣ ሰው ሲበርደው እሱን መሞቅ፣ የዓይን መጉረጥ፣ የመዳፍ ላብ ካለበት የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቁለት። ወረቀቱ ምርመራ አይተካም፣ መንቀጥቀጥን ራሱ የአእምሮ መድኃኒቱም ያመጣል። ግን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው።

ውጤቱን ስታዩ ደግሞ እንዳትሳሳቱ። ቲ ኤስ ኤች የሚባለው ቁጥር ዝቅ ሲል ብዙ ጊዜ የታይሮይድ ሆርሞን በዝቷል ማለት ነው፣ ከፍ ሲል አንሷል ማለት ነው። ግልብጥ ነው። አጣዳፊ የአእምሮ መታወክ ላይ ያለ ሰው ሆርሞኑ ለጊዜው ከፍ ብሎ በሁለት ሳምንት አካባቢ ሊመለስም ስለሚችል፣ ሐኪሙ ድገሙት ሊል ይችላል።

ሕመሙ ተነስቶበት ነው ወይስ ይሄ ነው? እንዴት ልለየው?

እኛ የወደቅንበት ጥያቄ ነው።

የአእምሮ ሕመም ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት አያመጣም። ይህን አትርሱ። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ተኮሰውና ከገተረ፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ኤን ኤም ኤስ ነው ብላችሁ ተነሱ።

ግትርነቱን የምትለዩት በእጃችሁ ነው። ክርኑን ቀስ ብላችሁ አጥፉ ዘርጉ። የሚቃወማችሁ ሰው ይገፋል፣ ይለቃል፣ ይናገራል። ይሄኛው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው፣ ወፍራም ቧንቧ እንደማጠፍ። ወንድሜ ዓይኑ ክፍት ሆኖ ያየኛል፣ ስጠራው ግን አይመልስም፣ ምራቁ በከንፈሩ ጥግ ይወርዳል። እኔ አኩርፎ መስሎኝ ነበር። ማታ ላይ ሽንቱ የቡና አተላ መሰለ። ያ ጡንቻው እየፈረሰ ወደ ደም መግባቱ ነው፣ ኩላሊትን የሚያበላሸውም እሱ ነው። ሽንቱ እስኪጠቁር አትጠብቁ፣ እኛ ጠብቀናል።

አንገት ወደ ጎን ተጠምዞ ወይም ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ትኩሳት ግን ከሌለ፣ ያ ሌላ ነው። ያስደነግጣል፣ በመርፌ ግን ቶሎ ይለቃል። እሱም ቢሆን ጤና ተቋም ነው።

ታይሮይዱ ራሱ ትኩሳትና መቃዠት ያመጣል አሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

እውነት ነው። ሆርሞኑ ድንገት ገንፍሎ ሲወጣ ታይሮይድ ስቶርም ይሉታል። ትኩሳት፣ የሚጋልብ ልብ፣ መቃዠት፣ ላብ። ልክ እንደዚያኛው። ልዩነቱ እዚያ ላይ ማስታወክና ተቅማጥ ይበዛል፣ ሰውነት አይገትርም፣ የጡንቻን ጉዳት የሚያሳየው የደም ምርመራም አብዛኛውን ጊዜ አይንርም። ሁለቱ አብረው ሊመጡም ይችላሉ። ቤት ውስጥ አይለይም፣ ለመለየትም ጊዜ አታባክኑ፣ ሁለቱም ገዳይ ናቸው፣ ሁለቱም ሆስፒታል ነው የሚታከሙት። የእናንተ ድርሻ «አንገቱ ላይ እንቅርት አለ፣ ይህን መድኃኒት በዚህ ቀን ጀምሯል» ብሎ ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ነው።

የትኞቹ መድኃኒቶች ናቸው?

ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ በወር አንዴ በመርፌ የሚሰጠው ፍሉፌናዚን (ሞዲኬት የምትሉት)። አዲሶቹ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒንም ያመጡታል። በመርፌ ሲሰጥ፣ መጠኑ በፍጥነት ሲጨመር፣ ሊቲየም ከሚባለው የስሜት ማረጋጊያ መድኃኒት ጋር ሲሆን ስጋቱ ከፍ ይላል።

የማይጠረጠር አንድ አለ፦ ፕላሲል። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው። እሱም ዶፓሚን ያግዳል። ለነፍሰ ጡሮች የምነግረው ነገር አለኝ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በጣም የሚያስመልሳት ሴት የታይሮይድ ሆርሞኗ ለጊዜው ከፍ ሊል ይችላል፣ ውሃዋም ያልቃል፣ የሚሰጣትም ብዙ ጊዜ ፕላሲል ነው። ለአብዛኞቹ ምንም አያደርግም። ወስዳ ግን ከገተራትና ከተኮሳት «የእርግዝና ነው» ተብሎ አይታለፍ።

ቤት ውስጥ ምን ላድርግ? ፓራሲታሞል? ዳማከሴ? ጸበል?

ቀጣዩን ኪኒን አትስጡ። ከዚያ ወዲያው ሂዱ። እስከዚያው ልብሱን አቅልሉ፣ ጋቢ አትደርቡበት፣ በእርጥብ ፎጣ ብብቱንና አንገቱን አቀዝቅዙ። ፓራሲታሞል ይህን ትኩሳት አይችለውም፣ ሙቀቱ የሚመጣው ከጡንቻና ከአንጎል ነው። አስፕሪን አትስጡ፣ የታይሮይድ ሆርሞኑን የበለጠ በደም ውስጥ ይለቀዋል።

አፉን በግድ ከፍታችሁ ውሃም፣ ወተትም፣ ጸበልም አታጠጡት። መንጋጋው የገተረ ሰው መዋጥ አይችልም፣ ሳንባው ውስጥ ነው የሚገባው። እናቴ በማንኪያ ስታጠጣው ሲያስለው አሁንም ይሰማኛል። ጸበል የምትወስዱ ውሰዱ፣ እኔም አምናለሁ፣ ግን ይህ ቀን የሆስፒታል ቀን ነው።

አምቡላንስ አገር ቤት ቀይ መስቀል 907 ነው። አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998። የሚያስፈልገው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለው አጠቃላይ ሆስፒታል ነው፤ የአእምሮ ሐኪሙ በኋላ ይመጣል። የመድኃኒቱን ፌስታል እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ።

ሆስፒታል ምን ያደርጉለታል?

መጀመሪያ መድኃኒቱን ያቆማሉ። ዋናው ሕክምና እሱ ነው። በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ ይሰጣሉ፣ ያቀዘቅዙታል፣ ኩላሊቱን ይከታተላሉ። ሲኬ የሚባል የጡንቻ ምርመራ ይታዘዛል፤ ጤነኛ ሰው ላይ ከ200 ብዙም አይርቅም፣ እዚህ ግን ብዙ ጊዜ ከ1,000 ይዘልላል፣ አሥር ሺዎች ውስጥም ይገባል። ጡንቻ ላይ የተወጋ መርፌም ሆነ ያነሰ ታይሮይድ ይህን ቁጥር ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ፣ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። ወባና ማጅራት ገትርም መታየት አለባቸው።

ለማላላት ዲያዚፓም ወይም ሎራዚፓም ይሰጣል። ከባድ ሲሆን ብሮሞክሪፕቲን ወይም ዳንትሮሊን ይጨመራል፤ ዳንትሮሊን እኛ ጋ ማግኘት ከባድ ነው። ታይሮይዱ በዝቶ ከተገኘ ልብን የሚያረጋጋው ፕሮፕራኖሎልና ሆርሞኑን የሚቀንሰው ፒቲዩ አብረው ይጀመራሉ።

በኪኒን ከመጣ አብዛኛው ሰው በአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ይለቀዋል። በወር መርፌ ከመጣ እጥፍ ሊፈጅ ይችላል፣ ስለዚህ መርፌው የተወጋበትን ቀን በትክክል ንገሯቸው። ድሮ ከአምስት ሰው አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ይሞት ነበር። ዛሬ ቶሎ ከተደረሰበት ከ10 ሰው አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

ታይሮይድ ራሱ አእምሮን ያናውጣል?

አዎ፣ ሲበዛም ሲያንስም። ስለዚህ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አእምሮው የታወከ ሰው፣ አራስ ሴትም ጭምር፣ የታይሮይድ ምርመራ ይሠራለት የምለው። ሲያንስም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሆርሞኑ በጣም ያነሰበት ሰው ክሎርፕሮማዚን ሲወስድ ሰውነቱ ሊቀዘቅዝና ራሱን ሊስት ይችላል። እንቅልፍ ብቻ መስሏችሁ አትተዉት።

የታይሮይድ መድኃኒትና የአእምሮ መድኃኒት አብሮ ይወሰዳል?

ይወሰዳል፣ ብዙ ሰው ይወስዳል። ሁለቱን የሚያዙት ሐኪሞች ግን ስለ አንዱ ሌላው ይወቅ። የታይሮይድ ሆርሞንን የሚቀንሱት ፒቲዩ፣ ካርቢማዞልና ሜቲማዞል አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ያወርዳሉ፣ ክሎዛፒንም እንዲሁ፣ አብረው ሲሆኑ ስጋቱ ይደራረባል። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ በዚያው ቀን የደም ምርመራ። ፕሮፕራኖሎልና ክሎርፕሮማዚን ሲገናኙ ደግሞ ግፊት ይወርዳል፣ ከአልጋ ቀስ ብሎ ይነሳ። ሆርሞን ላነሰበት የሚሰጠውን የታይሮክሲን ኪኒን የምትወስዱ በፍርሃት አታቁሙ፣ ልኩን ብቻ አስመርምሩ።

ጾም፣ ሙቀትና ጫትስ?

የውሃ ማነስ ወደ ኤን ኤም ኤስ ከሚገፉ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚውል ሰው፣ ረመዳንን በሙቀት ውስጥ የሚጾም ሰው፣ ዱባይ ወይም ሪያድ ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል የምትሠራ እህታችን፣ ታስሮ የሚታገል ሕመምተኛ፣ ሁሉም አንድ ናቸው። የንስሐ አባታችን ወንድሜን «አንተ ውሃህን ጠጣ፣ በሽተኛ አይገደድም» አሉት። በእስልምናም ሕመምተኛ ይፈቀድለታል። ጫት ልብን ያስሮጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ታይሮይዱ ለበዛበት ሰው ጭራሽ አይሆንም።

ከዳነ በኋላ መድኃኒት ይጀምራል? ተመልሶ አይመጣበትም?

ሊመጣ ይችላል፣ ግን ብዙዎች ሳይመለስባቸው ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ። ከዳነ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል፣ ሌላ ዓይነት ይመረጣል፣ ከትንሹ ተነስቶ በዝግታ ይጨመራል። የእኛ ሐኪም መጀመሪያ ታይሮይዱ ልክ ይግባ አለን። ወር ከምናምን ጠበቅን፣ ከባድ ወር ነበር፣ ድምፁ ተመልሶበት ሌሊት ሌሊት አይተኛም ነበር። ከዚያ በትንሽ ኦላንዛፒን ተጀመረለት። የመጀመሪያውን ወር በየቀኑ ጠዋትና ማታ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ለካሁ፣ ክርኑን አጠፍኩ ዘረጋሁ። አሁን ይሠራል።

ሐኪም ፊት ሲቀርብ ምን እንበል?

ሲያጣድፏችሁ ይጠፋባችኋል፣ ስለዚህ ጻፉት። የወንድሜ ቦርሳ ውስጥ፣ ከመታወቂያው ጀርባ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አለ። እንዲህ ይላል፦

«እንቅርት አለብኝ፣ የታይሮይድ ሆርሞኔ በዝቶ ታክሜአለሁ። ሃሎፔሪዶል ኤን ኤም ኤስ አምጥቶብኛል። ሃሎፔሪዶልና ፕላሲል አይስጡኝ። ተኩሶኝ ወይም ገትሮኝ ካገኛችሁኝ ሲኬና ቲ ኤስ ኤች ይመርመሩልኝ፣ ለእህቴ ይደውሉ።»

ከሥሩ ስልኬ አለ።